ዝናብ የሌለበት ክረምት

ዓለሜ፣

እንዴት ከረምህ እንዳልልህ አፌን ይይዘኛል፤ ሌላ የደብዳቤ አጀማመር ደግሞ አላስተማርኸኝም። ከተለያየን ዓመት አልፎ በላዩ ወራት ተጨመሩበት። አንተ የተለየኸን በሐምሌ ጭቃ ነበር፤ አሁን ጥቅምት ነው። ቆሰበር ላይ ጠዋት ጠዋት ውርጩ ሣሩን ያነጣዋል፣ ረፋድ ላይ ግን መንገዱ ደርቆ አቧራ ይነሣል። መኪና እንደ ልቡ ይወጣል ይወርዳል። ከአባቴ ቤት ደጅ ተቀምጬ ወደ ጥሊሊ የሚሄዱትን የጭነት መኪኖች ሳይ «እንዲህ ሲሆን ነበር መሄድ» እላለሁ። ከዚያ ንድድ ይለኛል። በማን እንደምናደድ እንጃ። አንዳንድ ቀን በመንገዱ ነው። አንዳንድ ቀን ደግሞ ባንተ ነው።

ቤታችን እንደነበረ የለም። ዳንግላ የነበርንበትን የመምህራን ቤት ለቅቄአለሁ፤ አዲስ መምህር ከነሚስቱ ገብቶበታል። ዕቃችንን አባቴ በፈረስ አስጭኖ እዚህ አመጣው። መጽሐፎችህ በቀርከሃ ቅርጫት ሆነው ቆጥ ላይ ናቸው፣ ጭስ እንዳያጠቁራቸው ጨርቅ አልብሻቸዋለሁ። ወንበርህ ግን የአባቴን ቤት አልለመደም፤ መሬቱ ወጣ ገባ ስለሆነ አንድ እግሩ ሁልጊዜ አየር ላይ ነው። እናትህም ከእኔ ጋር የሉም። አትደንግጥ፣ በሕይወት አሉ። የት እንዳሉ ለመንገር ግን ከሥሩ ልጀምርልህ። ግማሹን ታውቀዋለህ፤ ቢሆንም አብረን እንዳየነው ደግሜ ላውራው፣ ሌላ የማወራለት ሰው የለኝም።

ወንድሜን አባ ወልደ ሰንበትን በዓይንህ ሳታያቸው ቀረህ። እኔ ሳላገባ ነው ኢየሩሳሌም ለመሳለም ሄደው እዚያው በገዳማችን የመነኮሱት። ከመነኮሱ ወዲህ እኔም አንቱ እላቸዋለሁ። አስምህ ክረምት በመጣ ቁጥር እንደሚያንቅህ ከጻፍሁላቸው በኋላ «የዕረፍት ጊዜያችሁን እዚህ መጥታችሁ አሳልፉ፣ አለማየሁም ደረቱን ያሳርፍ» ብለው ላኩብን። ያን ቀን የሳቅኸው ሳቅ ትዝ ይለኛል። «ስሜ አለማየሁ፣ እኔ ግን ከአዲስ አበባ ወዲያ ያየሁት ዓለም የለኝ!» አልህ። ለሳምንት ያገኘኸውን ሰው ሁሉ «ባሕር ማዶ ልሄድ ነው» ስትል ሰነበትህ፤ የገበያ ሰው እንኳ «መምህር፣ መቼ ነው መንገዱ?» ይልህ ጀመር።

መቼ እንደሆነ ነበር የማናውቀው። እኔ ፋሲካን አልሁ፤ ኢየሩሳሌም ተሄዶ ትንሣኤ ካልታየ ምን ይሉታል ብዬ። አባቴ ጥር ይሻላል አለ፤ እህል ገብቶ፣ መንገድ ደርቆ፣ ሰው ፋታ የሚያገኘው ያኔ ነው። አንተ ትምህርት ቤት የሚዘጋው በክረምት ስለሆነ ከክረምት ሌላ አልታይ አለህ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እዚህ ተሰብስበን ስንሟገት እንውል ነበር። እናቴ በአገውኛ «እነዚህ ሰዎች መሬት ሊካፈሉ ነው እንዴ?» ስትል ተርጉሜልህ ትን እስኪልህ ሳቅህ።

በመጨረሻ ወንድሜን ጠየቅናቸው። መልሳቸው የደረሰ ቀን ዳንግላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁልህ። በጥር እዚያ ብርድና ዝናብ ነው አሉ፤ አንዳንዴም እንደ ባዘቶ ያለ በረዶ ይወርዳል። ፋሲካ ምድሩ በአበባ የሚሸፈንበት ነው፣ ግን ከየአገሩ የሚመጣው ሰው ማደሪያ ያጣል፤ የጧፍና የዕጣኑ ጭስም ለደረትህ አይሆንም። ከግንቦት እስከ መስከረም ግን ጠብ የሚል ዝናብ የለም። ቀን ይሞቃል፣ ማታ ደረቅ ነፋስ ይነፍሳል። ይኼን ስትሰማ ቀና ብለህ ጣሪያውን አየኸው። «ዝናብ የሌለበት ክረምት!» አልህ። «አትጠገብ፣ እስቲ ድገሚልኝ።» ደገምሁልህ።

ማርቆስ ከተማ የታየህበት ሐኪም ደግሞ ያንኑ አጸናው። ይኼን ክረምት እዚህ እንዳትከርም፣ ዝናቡ ሳይጠና ውጣ አለህ። ስለዚህ ግንቦት ሆነ። መንገዱ ገና ደረቅ ነው፣ እዚያም ዝናቡ ያቆማል። ከዚያ የተሻለ ወቅት አልነበረም። ወንድሜ ክፍል አዘጋጁልን። አባቴ የሚወደውን ፈረስ ለጉዟችን ሸጠው። እኔ ጋቢህን አጥቤ አጥፌ አስቀመጥሁ።

ከዚያ ሙሉነሽ መጣች። ከስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችህ መሀል ሴት ልጅ እሷ ብቻ ነበረች፣ የአዲስ ቅዳም ገበሬ ልጅ። አባቷ ለባል ሊሰጣት ቃል ገብቶ ነበር። አንተ ሽማግሌ ሆነህ ሄደህ «ፈተናውን ካለፈች ትማር፣ ከወደቀች ግን ዝም እላለሁ» ብለህ ተስማምተህ መጣህ። በሚያዝያ ሌላው መምህር ወደ ሌላ አገር ተዛወረ፤ ስምንተኛ ክፍልን የሚያስተምር ካንተ በቀር ጠፋ። ፈተናው ሰኔ ነው።

«ሰኔ እንዳለቀ እንሄዳለን፤ አንድ ወር ምን አላት?» አልኸኝ።

«ዝናብ አላት» አልሁህ።

«ጥያቸው ብሄድ እኮ ማን ያስተምራቸዋል?»

«ብትሞትስ ማን ያስተምራቸዋል?»

እንደዚያ ብዬህ አላውቅም ነበር። መጀመሪያ ስንጋባ አንቱ እልህ የነበርሁት ሴት ነኝ፤ አንተ የምትል ሚስት ነው የምፈልገው ብለህ ነው ያስተውኸኝ። ያን ዕለት ግን አንተ ማለቱን አበዛሁት። ካባህን ለብሰህ ወደ ትምህርት ቤት ሄድህ። በማግስቱም ተከራከርሁህ፣ በሳልስቱም። አሸነፍኸኝ ማለት አይደለም፤ ብቻ አልሄድህም።

ፈተናው ባለቀ ማግሥት ከዳንግላ ስንነሣ ሰማዩ ወርዶ ዛፉ ላይ ተቀምጦ ነበር። የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጥን። አዲስ ቅዳም ላይ መንገዱ ከወንዝ አይለይም ነበር፤ ቆሰበር ስንደርስ አባቴ ደጅ ቆሞ «እደሩና እዩት» አለን። አንተ ሹፌሩ ከሄደ ሌላ መኪና አይገኝም ብለህ አልወርድም አልህ። አባቴ እስከ ሰፈሩ ዳር እየሮጠ ሸኘን።

ዘንገና ሐይቅን አልፈን ጥሊሊ ሳንደርስ መኪናው ሰመጠ። ሹፌሩ ጭነቱ ላይ የተሳፈረው ሰው ሁሉ ይውረድና ይቅለለን አለ። አንተን ግን ተቀመጥ ብሎህ ነበር፤ እኔም ክንድህን ይዤህ ነበር። ሽማግሌዎች ዝናብ ላይ ቆመው እኔ ጋቢና ውስጥ አልቀመጥም ብለህ ወረድህ። ጋቢው ውኃ ጠጥቶ እንደ ድንጋይ ከበደህ። መኪናው እስኪመሽ ድረስ ንቅንቅ አላለም፤ ያደርነው አንድ ገበሬ ቤት ነው። ጠዋት ትንፋሽህ እንደ ፉጨት ይሰማ ነበር።

ገበሬዎቹ ቀርከሃ ቆርጠው ቃሬዛ ሠሩልህና ወደ ቆሰበር ተሸከሙህ። ድጡ ላይ እየተጠራሩ በአገውኛ ሲነጋገሩ «ምን ይላሉ?» አልኸኝ። «ቀስ፣ መምህሩ እንዳይንገጫገጭ ነው የሚሉት» አልሁህ። «አመሰግናለሁ በያቸው» አልህ። አልኋቸው። አንደኛው ሰው ዞር ብሎ «ዝም ይበል፣ ትንፋሹን ይቆጥብ» አለኝ። ይኼን አልተረጎምሁልህም።

አባቴ ቤት ከሳምንት ብዙም አልዘለቅህ። አየር እንድታገኝ በሩን ወለል አድርገን እንከፍተዋለን፣ የሚገባው ግን ጉም ነው። መጨረሻ ላይ እንኳ «ነገ መንገዱ ይከፈታል፣ ጓዙን እንዳትፈቺው» ትለኝ ነበር። አልፈታሁትም። አንተ ካረፍህ በኋላ እናቴ ናት የፈታችው፤ መግነዝ ያስፈልግ ነበርና ከውስጡ ነጠላህን አወጣች።

እናትህ የመጡት ከተቀበርህ በኋላ ነው። መርዶው ማርቆስ ቤታቸው እስኪደርስ፣ እሳቸውም በበቅሎ ጭቃውን ሰንጥቀው እስኪመጡ፣ አፈሩ ሣር ማብቀል ጀምሮ ነበር። ደርሰው መቃብሩን ሲያዩ አላለቀሱም። «ይኼን ያህል ይዘንባል እንዴ እዚህ አገር?» ብቻ አሉ። ከዚያ ወደ ቤታቸው አልመለስም ብለው አባቴ ቤት ተቀመጡ። አገውኛ አያውቁም፤ እናቴ ደግሞ አማርኛዋ የገበያ ነው። ሁለቱ እሳት ዳር ተቀምጠው ያለ ቋንቋ የግብጦ ፍሬ ሲፈለፍሉ ይውላሉ። ጠዋት ጠዋት እናትህ ያንተ መቃብር ጋ ይሄዳሉ፤ ሲመለሱ ከእኔ ጋር አይነጋገሩም። አንድ ቀን ብቻ ምርር ብሏቸው «ልጄን ከቤቱ ያስወጣው የወንድምሽ ደብዳቤ ነው» አሉኝ። ግንቦት ላይ ውጣ ነበር የተባለው ብዬ ልመልስ አልሁና ተውሁት። ያ መልስ ጥፋቱን ወደ አንተ ነው የሚወስደው። ልጃቸውን ለቀበሩ እናት እንዴት ይባላል?

በጳጉሜን የፈተናው ውጤት መጣ። ተማሪዎችህ ከዳንግላ በእግራቸው መጥተው መቃብርህን ከበው ቆሙ። ሙሉነሽ አልፋለች። ከዘመዶቿ ጋር ተቀምጣ ማርቆስ ልትማር ነው አሉ፤ አባቷም ቃሉን ጠብቋል። ሰው ሁሉ «ልፋቱ ፍሬ አፈራ» ሲለኝ ራሴን ነቀነቅሁ። ደስ ግን አላለኝም፣ ዓለሜ። ለአንተ ልዋሽህ አልችልም።

ዓመቱ እንዲህ እንዲህ ሲል ገፋ። በዐቢይ ጾም ወንድሜ እንደገና ላኩብኝ። «ክፍሉ እንዳለ ነው። ብቻሽን ብትሆኚም ነይ፣ ሐዘንሽን እዚህ አሳርፊው» አሉ። መሄድ ፈለግሁ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ያን ዝናብ የሌለበትን ክረምት በዓይኔ ካላየሁ የማልረጋጋ መሰለኝ። ያው የወቅት ነገር ግን ተመልሶ መጣ። በግንቦት ካልወጣሁ መንገዱ እስከ ጥቅምት አይሆንም። በግንቦት ከወጣሁ ደግሞ ሐምሌ ላይ የሚውለውን ሙት ዓመትህን እዚህ አልገኝም።

ቤቱ ታመሰ። አክስቴ «ባሏ ዓመት ሳይሞላው አገር ልትጎበኝ ነው ይሉሻል» አለች። አሉም። ገበያ ስሄድ ሴቶች ወሬያቸውን ያቆማሉ። እናትህ በሰው ፊት ተነሥተው «የልጄ ሙት ዓመት ሳይወጣ ባሕር ማዶ ለሽርሽር!» አሉኝ። ሽርሽር የምትለዋ ቃል ለቀናት ጆሮዬ ውስጥ ቀረች። አባቴን ጠየቅሁት። «እዚህ ያለውን ዝክር እኔ አደርሰዋለሁ፤ ግን እኚህን እናት አስቀይመሽ አትሂጂ» አለኝ። ማስቀየም አልፈለግሁም፤ መጠበቅም አልፈለግሁም። አንተ አንድ ወር ምን አላት ብለህ ጠብቀህ የሆነውን አይቻለሁ።

በሚያዝያ መጨረሻ የመጀመሪያው ጠንካራ ዝናብ ጣለ። እናትህ መቃብሩ ጋ ነበሩ፤ ዣንጥላ ይዤ ስሮጥ መንገድ ላይ አገኘኋቸው፣ ልብሳቸው ሰውነታቸው ላይ ተጣብቋል። ቤት አስገብቼ ልብስ ለወጥሁላቸው። እሳት እየሞቁ፣ ከመጡ ጀምሮ ጠይቀውኝ የማያውቁትን ጠየቁኝ።

«ልጄን የገደለው ይኼ ዝናብ ነው?»

«አዎ፣ እማማ። ብርዱና እርጥበቱ ነው።»

«እስከ መቼ ይዘንባል?»

«እስከ ጥቅምት።»

«እዚያ ወንድምሽ ዘንድስ?»

«ክረምቱን ሙሉ ጠብ አይልም ይላሉ።»

እጃቸውን ወደ እሳቱ ዘርግተው አገላበጡት። «እሱ ይኼን ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር። ደስ ብሎት ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልሄደም?» አሉኝ። ስለ ሙሉነሽ ነገርኋቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ። ሁሉንም፣ የተከራከርነውንም ጭምር። አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሰሙኝ። ከዚያ አለቀሱ፤ መቃብርህ ላይ ያላለቀሱትን ሁሉ አለቀሱ። እናቴ ደንግጣ ምን ሆኑ እያለች ገባች።

ጠዋት ላይ ስነሣ መቀነታቸውን አጥብቀው ታጥቀው ደጅ ቆመዋል። «መንገዱ ሳይበላሽ እንሂድ። ዝክሩን አባትሽ ያድርስ፤ የልጄን ሙት ዓመት እዚያ አስቀድሳለሁ» አሉኝ። «እንሂድ» ማለታቸውን የሰማሁት ቆይቶ ነው።

ግንቦት ላይ ወጣን። በደረቅ መንገድ፣ በቀትር፣ አንድም ቦታ ሳንቆም ጥሊሊን አለፍን። መኪናው የሰመጠበትን ቦታ ፈልጌ አጣሁት፤ መንገድ ብቻ ነው። ማርቆስ ስናድር ሙሉነሽ እንዴት እንደሰማች አላውቅም፣ ያረፍንበት ቤት ድረስ መጣች። ረዝማለች። በር ላይ ቆማ እኔን ለማየት ፈራች። እናትህ «ይች ናት?» አሉኝ። አዎ አልሁ። ተነሥተው ሄዱና ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው ረጅም ጊዜ አዩዋት። እኔ ሊረግሟት ነው ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ግን «በልተሻል?» አሏት። አልበላሁም አለች። ከስንቃችን አውጥተው እስክትጠግብ አጎረሷት። እኔ ጥግ ይዤ ዓይኔን ጨፍኜ ቆየሁ። እኔም ላጎርሳት ይገባኝ ነበር ይሆናል፤ እጄ አልታዘዝልኝ አለ። ስትሄድ ግን እስከ በር ሸኘኋት፣ በርቺም አልኋት። ለጊዜው የቻልሁት ይኼን ያህል ነው።

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሄድን። እናትህ ዓይናቸውን የገለጡት ስንወርድ ነው። ወንድሜ ጢማቸው ሸብቶ ቆመው ሲጠብቁን እኔ ማልቀስ ስጀምር እናትህ ቀድመውኝ መስቀላቸውን ተሳለሙ፤ ስለ ደብዳቤው አንድም ቃል አልተናገሩ።

እንግዲህ ያ ክረምት እውነት ነው፣ ዓለሜ። ሰኔ ሄደ፣ ሐምሌ ገባ፣ ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ነው። ድንጋዩ ቀን ይጋላል፣ ወደ ማታ ደረቅ ነፋስ ይመጣል። የምተኛው ለሁለታችን ተዘጋጅቶ በነበረው ክፍል ነው። በረጅሙ ተነፈስሁና አየሩ ምንም ሳይከብደኝ ገባ ወጣ። ያን ጊዜ ነው ከሁሉ የባሰው ንዴት የመጣብኝ። ይኼ አየር እኮ ያንተ ነበር። አንድ ወር! አንድ ወር ብትቀድም ኖሮ እዚህ ተቀምጠህ «ድገሚልኝ» ትለኝ ነበር። ግድግዳውን በመዳፌ መታሁት። ሌላ የምመታው አልነበረኝም።

እናትህ ጠዋት ጠዋት ወጥተው ሰማዩን ያያሉ። «ዛሬም የለም?» ይላሉ። «የለም።» መጀመሪያ ይገረሙ ነበር፤ ውሎ ሲያድር ይከፉ ጀመር። አንድ ቀን ወንድሜን «እግዜር እዚህ የከለከለውን ዝናብ ነው እንዴ ልጄ ላይ ያፈሰሰው?» አሏቸው። ወንድሜ «እዚህ ደግሞ በክረምት ውኃ ይጠፋል፣ እማማ። መነኮሳይያቱ ከጉድጓዱ ለመቅዳት ተራ ሲጠብቁ ነው የሚውሉት፤ የደከሙትም አሉ» ብቻ አሉ። በነጋታው እናትህ አንዲት እግራቸው ያበጠ አሮጊት መነኩሴ እንስራቸውን ለማንሣት ሲታገሉ አይተው ተቀበሏቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውኃ የሚቀዱላቸው እሳቸው ሆኑ። ደረጃውን ሲወጡ እያቃሰቱ ይወጣሉ፣ ቁጭ ይበሉ ስላቸው «ቁጭ ስል ነው የሚያመኝ» ይሉኛል።

ሙት ዓመትህን አስቀደስን። ወንድሜ ራሳቸው ቀደሱ። የክርስትና ስምህ ሲጠራ እናትህ እጄን ያዙኝ፤ እስኪያመኝ ነው የያዙኝ፣ አልተላቀቅሁም። ያን ቀን ቆሰበር ላይ አባቴ ዝክሩን ሲያበላ በረዶ ቀላቅሎ ይዘንብ እንደነበር ስመለስ ነገሩኝ። ተማሪዎችህም ከዚያ በረዶ መሀል መጥተው በልተዋል።

መስከረም ላይ ጓዜን ስሸክፍ የእናትህን ሳጥን ከፈትሁ። ባዶ ነው። ልብሳቸውን ለአረጋውያኑ መነኮሳይያት ሰጥተዋል። «እኔ አልመለስም» አሉኝ። ቆባቸውን ሊቀበሉ ከወንድሜ ጋር ተነጋግረው ጨርሰዋል፤ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ። ለመንኋቸው። «እኔን ለማን ይተዉኛል?» አልሁ። አንድ ዓመት ያኮረፉኝ ሴት ናቸው፣ አሁን ያለሳቸው እንዴት ቤት እንደምገባ አላውቅም ነበር። ስምህን ስጠራ ሌላ ማብራሪያ የማይፈልጉ እሳቸው ብቻ ናቸው። ፀጉሬን እየዳበሱ «አንቺ ገና ነሽ፤ እዚያ አባት እናት አለሽ። እኔ እዚያ ያለኝ አፈር ነው» አሉኝ። ከዚያ አደራ ሰጡኝ። መቃብሩ ጋ ስትደርሺ ንገሪልኝ አሉ።

ተመልሼ ብዙ ጊዜ መቃብርህ ጋ ሄጃለሁ፤ ሰው ይኖራል፣ ወይም አፌ አይፈታልኝም። ይኸው በጽሑፍ ልንገርህ። «እናትህ ጥላህ አልቀረችም በዪው። እሱ ሊያርፍበት ባሰበው አገር እኔ ክረምቱን ሁሉ እቀመጥለታለሁ በዪው።» ቃሉ የሳቸው ነው፣ አንዲት ፊደል አልጨመርሁም።

አሁን ቤቱ ጸጥ ብሏል። እናቴ ግብጦውን ብቻዋን ትፈለፍላለች፣ አንዳንዴ እናትህ ይቀመጡበት ወደነበረው ባዶ ዱካ ዞር ትላለች። «አማርኛዬ ሊሻሻል ሲል ሄዱብኝ» አለችኝ፤ ሳቅን፣ ከዚያ ተላቀስን። ሰዎች ኢየሩሳሌምን የተሳለመች ብለው ጉልበቴን ሊስሙ ይመጣሉ፤ ተባርከሻል፣ ሐዘንሽም ወጥቶልሻል ይሉኛል። እሺ እላቸዋለሁ።

አልወጣልኝም። ቢወጣልኝ እነግርህ ነበር። ያን ግንቦት ትተህ የቀረህበትን ምክንያት አውቀዋለሁ፣ ምክንያቱንም በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ማርቆስ ተቀምጣ ትማራለች። ትክክል ነበርህ ወይ ብለህ ብትጠይቀኝ ግን ዛሬም አልመልስልህም። ነገም እንጃ። ያንተ እናት እዚያ በየጠዋቱ ወልደ ማርያም ብለው ስምህን ይጠራሉ። እኔ እዚህ እጠራዋለሁ፤ ጸሎት ላይ ስሆን በክርስትና ስምህ፣ ብቻዬን ስሆን ዓለሜ ብዬ። አንዳንዱን ቀን በእንባ ነው የምጠራህ፣ አንዳንዱን ቀን ልጣላህ ነው። ብቻ ሳልጠራህ የሚመሽ ቀን አይኖርም። ይኼን ቃል እሰጥሃለሁ።

አትጠገብ፣ ሚስትህ